ምርቃቱን የዋጠው ጩኸት

ባለፈው እሑድ በጉለሌ ቤታችን ተሰብስበን፥ በውጭ አገር ያለችውን ልጃችንን በላፕቶፕ ስናነጋግር፥ እናታችን ሊመርቋት አፋቸውን ቢከፍቱ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ተነሥቶ ምርቃቱን ዋጠው። የፍርድ ቤት ጸሓፊ ነንና ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ መረመርን፤ ለካ ታናሽ ወንድሟ በስልኩ ወደዚያው ንግግር ገብቶ ከጎናችን ተቀምጦ ኖሮአል።

ከላፕቶፑ ጋር አብሮ የተሠራው ማይክሮፎን በፊቱ ያለውን ሁሉ ሳይመርጥ ይሰማል፤ ከስልኩ የወጣውን ድምፅ ይቀበላል፥ ስልኩም ከላፕቶፑ የወጣውን። የገደል ማሚቶ እየደከመ ሲጠፋ፥ ይህ ግን በዞረ ቁጥር እየበረታ ይሄዳል። በፈረንሳይኛ ነገሩ የሚጠራው በዴንማርካዊው ሊቅ በሶረን ላርሰን (1871–1957 እ.ኤ.አ.) ስም ነው።

ስለዚህ በአንድ ክፍል አንድ መሣሪያ ብቻ ይናገር፤ የሌላው ማይክሮፎንም ድምፁም ይዘጋ፤ ወይም በጆሮ ማዳመጫ ይሰማ። የልጁን ስልክ ዘግተን ደግመን ብንጠራት፥ እናታችን ምርቃቱን ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ልጃችንም ከማዶ አሜን ስትል ጥርት ብሎ ተሰማን።