ሜዳው ሲሞላ

አጥቂያችን በ78ኛው ደቂቃ ጎል አገባ። አዲስ አበባ ያሉት እናቱ ግን ያዩት ቀጥ ብሎ የቆመ ምስልና በላዩ የሚዞር ክብ ምልክት ነበር።

ጨዋታው ሜሪላንድ ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሜዳ የተደረገ የሐበሻ ቡድኖች የዋንጫ ፍጻሜ ነው። እኛ ዘንድ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ እሳቸው ዘንድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ተጀመረ። ልጃቸውን በአካል ካዩት 6 ዓመት ሆኗቸዋል። ጎረቤት ጠርተው፣ ቡና አፍልተው፣ ስልካቸውን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው ነበር የሚያዩት። ስርጭቱን የምመራው እኔ ነበርኩ፤ የተቋረጠውም በእኔ ጥፋት ነው።

አገር ቤት ቴሌቪዥን ጣቢያ ስሠራ የቀጥታ ስርጭት ያለ ኦቢ ቫን፣ ማለትም ያለ ስርጭት መኪና፣ አይታሰብም ነበር። ካሜራው ሁሉ በኬብል ከመኪናው ይያያዛል፣ ዳይሬክተሩ እዚያው ተቀምጦ ምስል ይመርጣል፣ ከዚያ በሳተላይት ይወጣል። ለእንዲህ ያለ ጨዋታ ያን መኪና ማን ያቆማል? ዛሬ ሁለት ካሜራና አንድ ላፕቶፕ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ኦቢኤስ የሚባል የስርጭት ሶፍትዌር በነፃ አለ፤ በ2017 ደግሞ ኤስአርቲ የተባለው የመላኪያ ዘዴ ለሁሉም ክፍት ሆነ። በመንገድ የጠፋውን የምስል ቁራጭ መልሶ ስለሚልክ በተራ ኢንተርኔት ጥሩ ምስል ያደርሳል። ትልልቆቹ ጣቢያዎችም፣ በተለይ ከ2020ው ወረርሽኝ ወዲህ፣ ካሜራውን ሜዳ ልከው ዳይሬክተሩን ሌላ ከተማ ማስቀመጡን አስፋፍተዋል።

ይህን ሁሉ ሳይ ወጪ የሚባል ነገር የቀረ መሰለኝ። የምንልከው በአንድ የሞባይል ሞደም ነበር፤ አብሮኝ የሚሠራው ልጅ «ጋሼ፣ ከሌላ ኩባንያ ሁለተኛ ሞደም እንከራይ» ሲለኝ «ለምን ገንዘብ እናባክናለን?» ብዬ ዘጋሁት። ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ ስለካው መስመሩ በሰከንድ 14 ሜጋቢት ይልካል፤ የሚያስፈልገን 6 ነበር። ያልቆጠርኩት ሰዉን ነው። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ዙሪያውን ሞላ፤ ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ገሚሱ ላይቭ ገብቷል፣ ሁላችንም የምንሻማው ያንኑ አንቴና ነው። የእኔ መስመር ከ2 ሜጋቢት በታች ወረደ። ኬብል ነቅዬ ሰካሁ፣ ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁ። ሲመለስ ልጆቹ ዋንጫ ይዘው ሜዳውን እየዞሩ ነበር።

እናትየው ወዲያው ለልጃቸው ደወሉ። «የኛ ኔትወርክ ነው መሰለኝ ልጄ፤ ካርድ ብሞላም እምቢ አለኝ» ሲሉት ሰማሁ። ስልኩን ተቀብዬ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። «ኧረ እግዜር ይስጥህ የኔ ልጅ፣ ያን ያህል እንኳን ስላሳየኸኝ» አሉኝ። እኔ ልቆጥብ ብዬ፣ ለካ ወጪውን የማስከፍለው እሳቸውን ነበር። ጎሉ በካሜራው ሚሞሪ ላይ ስለቀረ ማታውኑ ላክሁላቸው። ከጎረቤት ጋር ሆኖ፣ እልል እያሉ ማየቱ ግን አለፈ።

አሁን የሁለት ኩባንያ ሞደሞች አጣምሬ ነው የምልከው፤ አንዱ ሲደክም ሌላው ይሸከማል። የምስሉን ጥራት ዝቅ አደርጋለሁ። የኮሜንታተሩ ድምፅ በተለየ ስልክ ይሄዳል፤ ምስሉ ቢጠፋ እንኳ «ጎል!» ሲባል ይሰማል።

ለልጆቻችን ውድድር ካሜራ የምትተክሉ ሁሉ፣ አደራ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ለክታችሁ አትመኑ። ከእናንተ በፊት ባለው ጨዋታ፣ ሰው ሞልቶ ሲጮህ ለኩ።