ባንዲራውን ማን ይያዝ?

«የስፖርት መኪና» ሲባል የሰማ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚመጣበት ቀይ ፌራሪ ወይም ሆዷ ከመሬት የተጣበቀ ፖርሽ ነው። እኛ የምናወጋችሁ ግን ስለ አንዲት ነጭ ቶዮታ ዲኤክስና ስለ አንዲት ሰማያዊ ላዳ ነው። የሁለቱ ዕድሜ ቢደመር ጡረታ ሊወጣ ከተቃረበ ሰው ዕድሜ ጋር ይስተካከላል። ይሁን እንጂ በየካቲት ወር 2006 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ከአንድ ዓርብ ማታ እስከ እሑድ ቀትር ድረስ፣ እነዚህ ሁለቱ በዓለም ካሉት መኪናዎች ሁሉ የፈጠኑ መስለውን ነበር። እንዲመስሉንም ብለን ከጎንደር እስከ ሱዳን ጠረፍ ድረስ ይዘናቸው ወርደናል።

እኛ ማለት አምስት ነን። ያን ጊዜ እንደ እናንተው ተማሪዎች ነበርን። መንጃ ፈቃድ የነበረን ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ መንዳት እንችላለን ብለን የምናምነው ግን አምስታችንም ነበርን። ላዳዋን ያመጣት ከእኛ የአንደኛው ታላቅ ወንድም ስለ ነበረች ብዙ ወሬ የላትም። ዲኤክሷ ግን የሌላው ጓደኛችን አጎት መተዳደሪያ ነበረች። ጋሼ በኮንትራት እየሠሩባት አራት ልጆች ያሳድጉባታል። «ለዘመድ ሠርግ ነው፤ ሰኞ ጧት እንመልሳለን» ብለን ተዋስናት። ወሩ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ሠርግ የሚበዛበት ስለ ነበረ ውሸቱ ከእውነት ይቀርብ ነበር። ጋሼም ቁልፉን ሲሰጡን «ውኃዋን እያያችሁ» ከማለት በቀር ምንም አልጠየቁንም።

ሐሳቡን ያመነጨው የምሕንድስና ተማሪው ነበር። እሱ ስለ መኪና እሽቅድምድም ያላነበበው ነገር አልነበረም። በ1945 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪካ ስለ ተጀመረው የሳፋሪ ውድድር፣ ጆጊንደር ሲንግ የተባለው የኬንያ ሰው በ1957 ዓ.ም. ከወንድሙ ጋር ሆኖ በአሮጌ ቮልቮ እንዴት አድርጎ እንዳሸነፈ፣ በመኝታ ክፍላችን ከእራት በኋላ ይተርክልን ነበር። የእኛም ልብ የተነሣው በዚህ በአሮጌው ቮልቮ ወሬ ነው። እሱ ግን ሌላም ነገር ነግሮን ነበር፤ እሱን እንኳ ጆሮ ዳባ ልበስ አልነው። በኢጣልያ ሚሌ ሚሊያ የሚባል ከብሬሺያ ሮማ ደርሶ መልስ የሚሮጥ የ1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ውድድር ነበር። የሚሮጠውም ሕዝብ በዳርና በዳር በቆመበት በተራው መንገድ ላይ ነው። በግንቦት 1949 ዓ.ም. የአንዲት ፌራሪ ጎማ ፈንድቶ ነጂውን፣ ረዳቱንና ዘጠኝ ተመልካቾችን ገደለ፤ ከዘጠኙ አምስቱ ሕፃናት ነበሩ። ሚሌ ሚሊያ በእሽቅድምድምነቱ በዚያው አበቃ። «ስለዚህ መንገድ ላይ አንሮጥም፤ የራሳችንን ሜዳ እንሠራለን» አለ መሐንዲሱ። ኮኪት የተወለደው ጓደኛችንም «ሜዳ ከሆነ የአያቴ እርሻ አለ፤ ሰሊጡም ማሽላውም ተነሥቷል፤ እንደ እጅ መዳፍ የተዘረጋ ነው» አለ። ነገሩ አለቀ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ በአዘዞ አድርገን፣ ጭልጋን ይዘን አይከል ስንደርስ ገና ሹራብ ለብሰን ነበር። ከነጋዴ ባሕር በታች ሹራቡ ወለቀ፤ ገንዳ ውኃ ስንደርስ ሸሚዙም ከበደን። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ስትሆን መተማ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በግማሽ ቀን ከደጋ ወደ ምድጃ አፍ ይወረዳል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። መንገድ ላይ አንሮጥም ያልነው ሰዎች፣ ቁልቁለቱ አልቆ አስፋልቱ ሲቃና ዲኤክሷን 120 አደረስናት። አንድ ባጃጅም አለፍን። ሕዝቡ ቀይ ሽብር ብሎ ስም ያወጣለት ሲኖትራክ ከፊታችን ሲመጣ ብቻ ወደ ልባችን ተመለስን። በባዶ እግሩ ሮማን ያንበረከከው አበበ ቢቂላ እንኳ በ1961 ዓ.ም. እግሮቹን ያጣው በቮልስዋገኑ ውስጥ ሳለ መሆኑን ያስታወሰን የሕግ ተማሪው ነው። ከዚያ በኋላ እስከ መተማ በ60 ነዳን።

መተማ ዮሐንስን ማታ አየናት። ይህን የምንጽፈው ስለ 2006 ዓ.ም. መተማ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ብዙ ሰዎች በዚያች ድልድይ ስለ ገቡ፣ ዛሬ ስሟ ሲነሣ ለሰው ትዝ የሚለው ሌላ ነገር ነው። ያን ጊዜ ግን ድልድዩ አጠገብ ሻይ ጠጥተን ከማዶ ያለችውን የገላባትን መብራት እየተመለከትን ተጫወትን። አጼ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁበት ምድር ስለ ሆነ የታሪክ ወሬ አይጠፋም። የሚያስቀው ደግሞ የመንገዱ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ ስትዞር ሱዳን እስከ 1965 ዓ.ም. ድረስ በግራ መንዳቷን አልተወችም ነበርና፣ ለዘጠኝ ዓመት ያህል በዚህ የሚሻገር ሾፌር ሁሉ ድልድዩ ላይ ጎኑን መለወጥ ነበረበት። መሐንዲሱ በበኩሉ ስለ ታንኮቹ አነሣ። በጥቅምት 1933 ዓ.ም. ኋላ በበርማ ስሙ የገነነው ዊሊያም ስሊም ገላባትንና መተማን ከኢጣልያኖች ለማስለቀቅ ሲመጣ፣ ካሰለፋቸው ታንኮች የሚበዙት ሰንሰለታቸው በፈንጂና በዚህ አገር ድንጋይ እየተበጠሰ መንገድ ላይ ቀሩ። «ድንጋዩን እንልቀም» አለን። ይህን ምክሩን ሰማነው። በኋላ እንደምታዩት አብዝተን ሰማነው።

ቅዳሜ ጧት ኮኪት ተመልሰን የጓደኛችንን አያት እጅ ነሣናቸው። ሽማግሌው ነገሩ ቶሎ አልገባቸውም። «ዕቃ ሳትጭኑ፣ ሰው ሳታሳፍሩ፣ ከዚህ ተነሥታችሁ እዚሁ ልትደርሱ ነው ቤንዚን የምታቃጥሉት?» ብለው ጠየቁን። እውነት ለመናገር ስለ መኪና እሽቅድምድም ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስከ ዛሬ አልሰማንም። ቢሆንም ፈቀዱልን። ሁለት ነገር ግን አስጠነቀቁን፦ «አንድ በአንድ ሩጡ፤ በወዲያኛው ጥግ የከብት መንገድ አለ፣ እዚያ ሰው አቁሙ።»

ዋልካ አፈር ሲደርቅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ስለሚያወጣ፣ ስንጥቁን ስንደፍንና ድንጋይ ስንለቅም እኩለ ቀን ሆነ። የለቀምነውን ድንጋይ ከሦስተኛው መታጠፊያ በስተውጭ ከመርነው። በአራቱም መታጠፊያ የማሽላ አገዳ ነዶ አቆምን። ዙሩ በእግር ሲለካ 1,400 እርምጃ ሆነ። ለባንዲራ የሚሆን ቀይ ጨርቅ ከአያትየው ቤት ተሰጠን።

የዚያን ቀትር ደስታ እንዴት አድርገን እንደምንጽፈው እንጃ። ዲኤክስ የምትገፋው በኋላ ጎማዋ ስለ ሆነ፣ በአቧራ ላይ መሪውን ሰበር አድርጎ ቤንዚን የሰጣት ሰው ጅራቷን እንደ ዓሣ ታወዛውዛለች። መጀመሪያ ሁላችንም መታጠፊያው ውስጥ ከገባን በኋላ ነበር ፍሬን የምንይዘው፤ መኪናዋም ወደ ፊት ተንሸራታ ነዶውን ይዛ ትሄዳለች። ፍሬን የሚያዘው ገና መኪናዋ ቀጥ ብላ ሳለች፣ ከመታጠፊያው በፊት መሆኑን፣ ከዚያ ማርሽ ቀንሶ ታጥፎ፣ ሲቃና ደግሞ ነዳጅ መስጠት መሆኑን የተማርነው አሥራ ሁለት ነዶ ካፈረስን በኋላ ነው። መሐንዲሱ በዲኤክስ 1 ደቂቃ ከ34 ሴኮንድ ገባ። የሕግ ተማሪው በላዳ 2 ደቂቃ ከ20 ፈጀበትና «ሕግ አክብሬ ነው» አለ። ሙቀቱ ከባድ ስለ ነበረ በየሁለት ዙሩ ኮፈን ከፍተን ራዲያተሩን ውኃ እናጠጣ ነበር። የጋሼን አደራ ጠብቀናል ብለን ስለ ውኃው ኮራን።

ማንም የማይወደው ሥራ ባንዲራው ነበር። ሦስተኛው መታጠፊያ ከሁሉም ይርቃል፤ ጥላ የለውም፤ ከዚያ ሆኖ መነሻውም መድረሻውም አይታይም። ባንዲራ የያዘ ሰው ከብት ሲመጣ ጨርቁን አውጥቶ መኪናዋን ያስቆማል፤ ከብት ካልመጣ ደግሞ አቧራ ይበላል። ስለዚህ ዕጣ እየተጣጣልን ተራ በተራ ያዝን። ቅዳሜ ሦስት ጊዜ ከብት መጣ፤ ሦስቱንም ጊዜ በደንብ አስቆምን።

እሑድ ጧት አንድ በአንድ መሮጥ ሰለቸን። ሽማግሌው ቤተ ክርስቲያን ስመው ገና አልተመለሱም ነበር። ሁለቱ መኪናዎች እኩል ተነሥተው ሦስት ዙር ይሩጡ ተባለ። በሁለተኛው ዙር ላዳ ከፊት፣ ዲኤክስ በላዳ አቧራ ውስጥ ነበረች። የዲኤክስ ነጂ ከኮፈኑ በላይ የሚያየው ነገር አልነበረም፤ ይህን ኋላ ሁላችንም ገብተን አይተነዋል። ባንዲራውን የያዘው ሰው ደግሞ ማን እንደሚቀድም ለማየት ሦስተኛውን መታጠፊያ ትቶ ወደ አራተኛው ሄዶ ነበር። ያ ሰው ከአምስታችን ማን እንደ ነበረ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አይገኝም። «እኛ» እያልን መጻፍ የመረጥነውም ስለዚሁ ነው።

ነጂው መጀመሪያ ያየው የቀይ ጊደር ጎን ነበር። ቀጥሎ ዘጠኝ ዓመት ያህል የሚሆነው እረኛ፣ ዱላውን በትከሻው አግድሞ እጆቹን በላዩ ሰቅሎ ቆሞ ታየው። መሪውን ወደ ውጭ ቆለመመ። መኪናዋ ልጁን በአንድ ክንድ ያህል ስታ፣ ቅዳሜ በገዛ እጃችን የከመርነው ድንጋይ ላይ ወጣች። ከዚያም ነጂው ደንግጦ፣ ከሥሯ ዘይት እየፈሰሰ መሆኑን ሳያውቅ፣ ወደ ልጁ ሊመለስ ነድቶ አዞራት። ዘይት የሌለው ሞተር እንዴት እንደሚጮኽ የሰማችሁ ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ ጮኸችና ዝም አለች።

ልጁ በድንጋጤ ወድቆ ጉልበቱ ተልጦ ነበር። ሮጠን ስንደርስ ተነሥቶ ቆሟል፤ አላለቀሰም፤ እኛንም አላየንም። በጣቱ እየጠቆመ ከብቱን ይቆጥር ነበር። ስድስት ሲደርስ አቆመና ያን ጊዜ አለቀሰ። ሰባተኛዋ ጊደሯ ነበረች፤ በርግጋ ጫካ ገብታለች። የከብቱ ጌታ ሌላ ሰው ኖሮ፣ ጊደሯ ብትጠፋ ልጁን ምን እንደሚጠብቀው ከፊቱ ይነበብ ነበር። ያን ቀን አምስታችንም ከልጁ ጋር በዕጣን ዛፎቹ መካከል ስንዞር ውለን ፀሐይ ስትገባ አገኘናት። የዲኤክሷን ነገር እስከዚያ ድረስ ማንም አላነሣም።

ሽማግሌው ሲመጡ «ትናንት ምን ብያችሁ ነበር?» ብቻ አሉ። ቀጥለውም ትራክተር ለምነው መኪናዋን አስፋልት ላይ አወጡልን።

ሰኞ ጧት መመለስ የነበረባት ዲኤክስ ማክሰኞ ማታ በአይሱዙ ላይ ተጭና ጎንደር ገባች። ጋሼ መጥተው ከመኪናዋ ሥር አጎንብሰው አዩ። ብድግ ብለው እጃቸውን በኮፈኑ ላይ አኖሩ። ብዙ ዝም ካሉ በኋላ «የማን ሠርግ ነበር?» አሉን። መልስ የሰጠ የለም።

ሞተሯ ወርዶ እስኪሠራ ድረስ አራት ወር ወሰደ፤ ገንዘቡን የምናመጣው በቁርጥራጭ ስለ ነበረ ነው። ሁለት ስልክና አንድ ኮምፒዩተር ሸጥን። መሐንዲሱ ለሰው ልጆች ሒሳብ አስጠና። በነዚያ አራት ወሮች ጋሼ የሌላ ሰው መኪና በቀን ሒሳብ ነዱ። ሰላምታችንን ግን አንድም ቀን አልከለከሉንም፤ ቢከለክሉን ይቀለን ነበር።

ቀዩን ጨርቅ በዚያ ሩጫ መካከል የት እንደ ጣልነው አላወቅንም ነበር። በመስከረም ኮኪት ለሰሊጥ አጨዳ የወረደው ጓደኛችን ሲመለስ ነገረን። ያ እረኛ ከብቱን አስፋልቱን ሲያሻግር ጨርቁን በዱላው ጫፍ አስሮ መንገዱ መካከል ይቆማል፤ ሰባተኛዋ ጊደር እስክታልፍ ድረስም ንቅንቅ አይልም። ሲኖትራክ ሳይቀር ይቆምለታል አለን።