ስለ ዳማ

ሰው ለፈረሱ ቢያለቅስ መሳቂያ የሚሆን ይመስለዋል። እኛም እንዲሁ ስለ መሰለን፥ ፈረሳችን ዳማ የሞተ ዕለት እንባችንን ከጎረቤት ሸሽገን ነበር።

ኤረር ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ በምድር ባቡር መንገድ ላይ ያለች፥ በፍል ውሃዋ የታወቀች የቆላ ከተማ ናት። አገሩ የግመል አገር ነው፤ ፈረስን የሚስማማው ደጋ ነው። እኛ ግን ለማስተማር ሥራ ወደ ሩቅ መንደሮች መመላለስ ነበረብንና ዳማን ከጨርጨር ደጋ ገዝተን አወረድነው። ሙቀቱ እንዳይጎዳው፥ ነፋስም እንዲያገኝ ብለን ሌሊት ሌሊት ከወንዙ ዳር እናስረው ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ከዓይኖቹ በላይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ አብጦ፥ ትንፋሹም አጥሮ አገኘነው፤ በማግስቱ ከአፍንጫው ነጭ አረፋ እየወረደ ሞተ።

በኋላ አንድ የእንስሳት ሐኪም እንዳስረዳን፥ ይህ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚባለው ነው። በሽታውን የሚያስተላልፉት በእርጥብ ስፍራ የሚራቡ ጥቃቅን ተናካሽ ትንኞች ናቸው፤ እነርሱም ይልቁንም ከፀሐይ መግቢያ እስከ ንጋት ይናከሳሉ። አህያ ብዙ ጊዜ ሳይሞት ያልፈዋል፤ ከሚታመሙት ፈረሶች ግን አብዛኞቹ ይሞታሉ። እንግዲህ ለዳማ በጎ አደረግን ያልነው ነገር ለሞት አሳልፎ ሰጥቶታል። ከኀዘኑ ይልቅ የከበደን ይህ ጸጸት ነበር።

ትንሹ ልጃችን «አባባ፥ ለዳማ ተዝካር አናወጣለትም?» ብሎ ጠየቀን። በልጅነታችን በዲቁና ያገለገልን ነንና፥ «ተዝካር ለሰው ነው» ብለን ዝም አሰኘነው። ዝም ያለው ግን አፉ እንጂ ልቡ አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ግመል አርቢ የሆኑ አንድ የሶማሌ ሽማግሌ ወዳጃችን ሊያጽናኑን መጡ። «መምህር፥ ስሙ ማን ነበር?» አሉን። ስሙን ስንጠራ የሸሸግነው እንባ መጣ። እርሳቸውም አላፈሩብንም፤ ይልቁንም ሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ለፈረሳቸው ለሂን ፊኒን ስለ ገጠሙት ግጥም አጫወቱን።

ያን ጊዜ የገዛ አባቶቻችንን ልማድ አሰብን። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ የሐረሩ ገዥ ራስ መኰንን አባ ቃኘው የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ራስ መኰንን በ1898 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የፈረሳቸው ስም ግን በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮርያ ለዘመተው የቃኘው ሻለቃ መጠሪያ ሆነ። ጌቶች በፈረስ ስም ሲጠሩ ካላፈሩ፥ እኛ ፈረሳችንን በስሙ ጠርተን ብናለቅስ ምን ያሳፍረናል?

በዚያው ምሽት ልጃችንን አጠገባችን አስቀምጠን፥ ዳማ በምን እንደ ሞተና ከወንዙ ዳር ያሰርነው እኛ እንደ ሆንን ሳንሸሽግ ነገርነው። ብዙ አለቀስን፤ ከዚያ በኋላ ግን ልጁም እኛም እንቅልፍ ወሰደን።

ዛሬ ክረምት ሳይገባ ለተማሪዎቻችን እንዲህ እንላለን፦ የጋማ ከብት ያላችሁ፥ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ በረት አስገቡ፤ በቢሾፍቱ የሚዘጋጀውንም ክትባት በጊዜው አስከትቡ። ምክንያቱን የሚጠይቅ ተማሪ ሲኖር የዳማን ታሪክ የሚነግረው ልጃችን ነው።