በአዋሽ ፏፏቴ ዳር አዞንና አዕዋፍን ስለ መመልከት

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአዳማና በመተሐራ በኩል ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ መንገደኛ፥ አዋሽ ከተማ ሳይደርስ በስተቀኝ የአዋሽን ብሔራዊ ፓርክ በር ያገኛል። ይህ ምድር ለአራዊትና ለአዕዋፍ መጠበቂያ ይሆን ዘንድ በ1961 ዓ.ም. በሕግ የተከለለ ነው። ከጎዳናው ወደ ውስጥ ጥቂት ከተጓዙ በኋላ፥ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚያልቀው አዋሽ ከጥቁሩ ዓለት ወደ ገደል ሲወረወር ይታያል። ቤተሰቡን ይዞ የሚጓዝ ሰው በዚህ ቢያርፍ አይጸጸትም።

በማለዳ የተገኘ እንደ ሆነ ዛፉ ሁሉ በወፎች ዜማ ይሞላል። ጅግራው በመንጋ ሆኖ አፈሩን ይጭራል፤ ይብራው ጥንድ ጥንድ ሆኖ በአሸዋው ላይ ይቆማል፤ ዓሣ አጥማጁም ወፍ ከቅርንጫፉ እንደ ቀስት ተወርውሮ ሲሳዩን ይዞ ይመለሳል።

ከፏፏቴው በታች ውሃው ጸጥ ባለበት ግን የወደቀ ግንድ የሚመስል ነገር አለ። ግንዱ ዓይን ያለው መሆኑ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። አዞ አፉን ከፍቶ በፀሐይ ላይ ሲተኛ ለቍጣ የሚመስለው ብዙ ነው፤ ነገር ግን የሰውነቱን ሙቀት ለማብረድ ነው። ሲያድን ግን ዓይኑንና አፍንጫውን ብቻ ከውሃው በላይ ትቶ፥ ውሃ ሊጠጣ የሚወርደውን በትዕግሥት ይጠብቃል።

ይህ አስፈሪ አውሬ ለልጆቹ ያለው ርኅራኄ እጅግ ያስገርማል። እናቲቱ እንቍላሏን በአሸዋ ቀብራ ሦስት ወር ያህል ከአጠገቡ ሳትርቅ ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ከአሸዋው ውስጥ ሲጮኹ ሰምታ ትቈፍርላቸዋለች፤ የጎሽን አጥንት በሚሰብረው መንጋጋዋም አንድ ሳትጐዳ ተሸክማ ወደ ውሃው ታደርሳቸዋለች። ጫጩቶቹ ወንድ ወይም ሴት የሚሆኑትም እንቍላሉ በተቀበረበት አሸዋ ሙቀት መጠን ነው።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ይህን አሳዩአቸው፤ ዳሩ ግን ከገደሉ ላይ ሆነው ይመልከቱ እንጂ ወደ ውሃው ጫፍ አይውረዱ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የተባለው በእንዲህ ያለው ስፍራ እውነት ነው። ድንጋይም አይወርውሩ፤ እናት አዞ ጎጆዋን ጥላ ከሸሸች እንቍላሉን ጅብና አርጃኖ ይበላዋል። አዞን መፍራት ጥበብ ነው፤ ያለ በደሉ ማሳደድ ግን ጥበብ አይደለም።