የምጣዱ ፈሰስ

የዓባይ ውኃ ዛሬ መብራት ሆኗል። የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ተመረቀ። ታላቁ የህዳሴ ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ኮረንቲ በየገጠሩ እየገባ ነው። ጥንቃቄውም አብሮ መግባት አለበት።

እኔ የምኖረው በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ነው። በመንደራችን ብዙ ሴቶች በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋግራሉ። ጭስ ቀነሰ፤ ዓይን አረፈ። አንዲት ጎረቤቴን ግን ምጣዱ ነዘራት። እጇ በሊጥ ርሶ ነበር። ወለሉም እርጥብ ነበር። ለጥቂት ተረፈች። ልጆቿ እስከ ዛሬ ምጣዱን ይፈራሉ።

ይህ ለምን ሆነ? የመብራት ባለሙያ ጠየቅኩ። እንዲህ ሲል አስረዳኝ። በምጣዱ ውስጥ ያለው ሽቦ ልባሱ ይላጣል። ከምጣዱ ብረት ጋር ይነካካል። ያን ጊዜ ብረቱ ሁሉ ኮረንቲ ይይዛል። ኮረንቲ ወደ መጣበት መመለሻ ይፈልጋል። መሬት አንዱ መመለሻው ነው። ብረቱን ነክቶ በእርጥብ መሬት የቆመ ሰው መንገድ ይሆነዋል።

እኛ ገበሬዎች በጤፍ ማሳ ፈሰስ እናወጣለን። ጎርፉ በፈሰሱ ይሄዳል፤ ሰብሉን አይጠርግም። የመሬት ሽቦም የኮረንቲ ፈሰስ ነው። ቀለሙ አረንጓዴና ቢጫ ነው። ከምጣዱ ብረት ተነሥቶ ወደ ባልቦላው ሳጥን ይሄዳል። ከዚያም በአፈር ወደ ተቀበረ የብረት ዘንግ ይወርዳል።

«ታዲያ ዘንጉን ብቻ ብተክልስ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አይበቃም» አለኝ። ሒሳቡን በወረቀት አሳየኝ። የቤት ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። የአፈሩ ተቃውሞ 20 ኦም ይሁን። 220 ለ20 ሲካፈል 11 አምፔር ይሆናል። ባለ 20 አምፔር ባልቦላ በ11 አይቆርጥም። ብረቱ እንደ ነዘረ ይቆያል። ስለዚህ ባለሙያው የመስመሩን ዓይነት አይቶ የመሬት ሽቦውን በዋናው ሳጥን ከመመለሻው ሽቦ ጋር ያስረዋል። ወይም ኮረንቲ ሲሾልክ የሚቆርጥ ባልቦላ ያገባል። ይህ ባልቦላ 30 ሚሊአምፔር ሲሾልክ ይቆርጣል። ይህም የአንድ አምፔር ከመቶ ሦስት እጅ ብቻ ነው።

እናንተም ልብ በሉ። ምጣድ ሲነዝራችሁ «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ባልቦላውን አጥፉ፤ ባለሙያ ጥሩ። ሳጥኑን ራሳችሁ አትክፈቱ። በባልቦላ ምትክ ሽቦ አትጠምጥሙ። ኮረንቲ የያዘውን ሰው በእጃችሁ አትጎትቱ፤ አስቀድማችሁ ዋናውን አጥፉ።

የመሬት ሽቦ ለማስገባት ገንዘብ ይወጣል። የሰው ነፍስ ግን በገንዘብ አይተካም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።