አቀንጭራና ጥቁር ትኩሳት

አቀንጭራን የማታውቁ ዕድለኞች ናችሁ። ከእናንተ አንዳንዱ በመጽሐፍ አንብቦት ይሆናል፤ እኛ የሸሕዲ ልጆች ግን አብሮን ያደገ ጠላታችን ነው። አበባው ሲያዩት ደስ ይላል፤ ሐምራዊ፣ ስስ፣ ጉዳት የሚያውቅ አይመስልም። ጉዱ ያለው ከመሬት በታች ነው። ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ሰክቶ ውሃውንም ምግቡንም ይመጠምጠዋል። ገበሬው አበባውን አይቶ ልንቀለው ሲል ማሽላው ቀድሞ ተበልቷል። አንዲቱ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ እንደ ትቢያ የደቀቀ ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ይቆያል። እንግዲህ ንቀለው ቢሉት ምኑ ተነቅሎ ያልቃል?

ከመተማ ወዲያ፣ ገላባት ያሉት ሱዳኖች ይህንኑ አረም «ቡዳ» ይሉታል። አባቴ ይህን ከአንድ የሰሊጥ ነጋዴ በሰማ ጊዜ እስኪበቃው ሳቀና፣ «እውነታቸውን ነው፤ ሳይታይ የሚበላ ቡዳ እንጂ ሌላ ምን ይባላል?» አለ።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ካነበብኳቸው ነገሮች ሁሉ ልቤን የነካው የዚህ ቡዳ ምሥጢር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ማሽላ ፎስፎረስ ሲያንሰው ከሥሩ አንድ ዓይነት ኬሚካል ወደ አፈሩ ይለቃል። ኬሚካሉ ፎስፎረስ ፈልጎ የሚያመጣለትን ጠቃሚ ፈንገስ የሚጠራበት ድምፁ ነው ማለት ይቻላል። አቀንጭራ ደግሞ ይህንን ጥሪ ይሰርቃል። ዘሩ ለዓመታት ተኝቶ ይቆይና ጥሪው ሲደርሰው ይነቃል፤ ማሽላው በቅርብ እንዳለ አወቀ ማለት ነው። ኬሚስቶች ኬሚካሉን መጀመሪያ ለይተው ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን፣ ያገኙትም፣ የሚገርመው፣ ከጥጥ ሥር ነው። ጥጥ አቀንጭራውን ይቀሰቅሰዋል እንጂ አያበላውም፤ የነቃው ዘር የሚጣበቅበት አጥቶ ይሞታል። ማሽላውስ ለምን ይጣራል የሚለውን የመለሱት የጃፓን ተመራማሪዎች ሲሆኑ፣ ያም በ2005 ነው። በሁለቱ መካከል 39 ዓመት አለፈ! ሣይንስ እንደ ፈረስ ግልቢያ የሚመስለን ካለን፣ አይደለም፤ አንዱ ጥያቄ ጥሎ ይሄዳል፣ ሌላው አንሥቶ ይቀጥላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የኛ ሰው አለበት። ዶክተር ገቢሳ እጀታ ወሎንኮሚ ተወልዶ፣ ዓለማያ ኮሌጅ ተምሮ፣ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን ከያዘ በኋላ ሥራውን የጀመረው ከእኛው ድንበር ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ ነው። በ1983 የወጣው «ሃጊን ዱራ 1» የተባለው ድርቅ የሚችል ዲቃላ ማሽላ የእርሱ ነው። ከዚያም ወደ ፐርዱ ተመልሶ ከባልደረቦቹ ጋር አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አወጣ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። በ2017 ደግሞ እዚያው ፐርዱ ተመራማሪዎች የመቋቋሙን ምሥጢር የያዘውን ጂን አገኙት። ይኸ ማሽላ መጣራቱን አልተወም፤ የጥሪውን ዓይነት ለወጠ። ፈንገሱ ይሰማዋል፤ አቀንጭራው ግን አብዛኛውን ጊዜ እንቅልፉን አይለቅም።

ይህንን ለአባቴ ነገርኩት። ከዚያው ዘር «ጎብዬ»ና «አብሽር» የሚባሉ ዝርያዎች ኢትዮጵያ ውስጥ መውጣታቸውንም ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «አገዳው ስንት ክንድ ነው?» አጫጭር መሆናቸውን ነገርኩት። «ታዲያ ከብቱ ምን ይብላ? ጎጆውስ በምን ይከደናል?» አለኝ። ወገኖቼ፣ ይኸ ጥያቄ የመሃይም ጥያቄ እንዳይመስላችሁ። እህሉን የሚመዝን ሚዛን ብዙ ጊዜ አገዳውን አይመዝንም፤ የገበሬ ማሽላ ግን ግማሹ አገዳ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጠላታችን ልለፍ። በአረምና በአጨዳ ጊዜ ከደጋው ወደ መተማና ሑመራ የሚጎርፈውን የቀን ሠራተኛ እኛ ሳሉግ እንለዋለን። ከእነዚህ አንዱ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ልጅ፣ ሁለት ክረምት ከእኛ ማሳ ሠርቷል። ሌሊት ከዛፍ ሥር ይተኛል፤ ሌላ የት ይተኛ? ትኩሳት ያዘው። ስሙን የማልጠራው አንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ «ወባ ነው» ብሎ የወባ መድኃኒት ሰጠው። ልጁ እየከሳ ሆዱ ብቻ ተነፋ። ወባ አልነበረም፤ ጣፊያው አብጦ ነው። ካላዛር ነው፤ ስሙ ከሕንድ የመጣ ሲሆን ትርጉሙም ጥቁር ትኩሳት ማለት ነው። የሚያስተላልፈው ትንኝ የማታክል የአሸዋ ዝንብ ናት። ቀን በተሰነጠቀው ጥቁር አፈራችን ውስጥ ትደበቅና ሌሊት ወጥታ ትነክሳለች። ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል። ሳሉጎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ በሽታው ተከትሏቸው ደጋ ወጥቷል፤ በ2005 ሊቦ ከምከም ላይ ታውቆ የነበረው ወረርሽኝ መጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ እንደነበር ተጽፏል።

ልጁን ጎንደር አድርሰነው ዳነ። ለ17 ቀን፣ በቀን ሁለት ሁለት መርፌ ተወጋ። መቀመጥ እስኪያቅተው ድረስ! ይሁንና ከእርሱ በፊት የነበሩት 30 ቀን ይወጉ ነበር። ያሳጠሩት በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በዩጋንዳ የተደረጉ የመድኃኒት ሙከራዎች ናቸው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም አንዱ ቦታ ነበር። በ2022 ውጤቱ የወጣው ሌላ ሙከራ ደግሞ ወደ 14 ቀን፣ በቀን አንድ መርፌና የሚዋጥ እንክብል አወረደው። እንክብሉ ሚልቴፎሲን ይባላል፤ መጀመሪያ የታሰበው ለካንሰር ነበር። ለአንድ ሳሉግ 17 ቀንና 14 ቀን ማለት ምን እንደሆነ የደመወዝ ሂሳብ የሚያውቅ ይረዳዋል።

ስለ ምርምር ሲነሣ ሁላችንም አክሊሉ ለማን እንጠራለን፤ ደግ አደረግን። በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አየ። ብዙ ሰው ያን ወንዝ ተሻግሯል፤ «ለምን ሞቱ?» ብሎ የቆመው እርሱ ነው። ታሪኩን ስንተርክ ግን ጭራውን እንቆርጠዋለን። በ1990ዎቹ እንዶድ በአሜሪካ ሐይቆች ቧንቧ የሚደፍን ቀንድ አውጣ መሰል ፍጥረት ይገድላል ተብሎ ሲታወቅ፣ ፓተንቱ የተመዘገበው በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ስም ነው። አጣቢዎቹ እናቶች በመዝገቡ የሉም።

እንግዲህ የምለው ይኸ ነው። ዕውቀቱ ሲጀመር እኛ ዘንድ ነበር፤ በአጣቢዋ እጅ፣ በሳሉጉ ሰውነት፣ በአባቴ ማሳ። ተሠርቶ ሲያልቅ ግን በእንግሊዝኛ መጽሔት ታትሞ ወደ እኛ የሚመለስበት መንገድ ጠፋበት። መንገዱን ማን ይጥረገው? መንግሥት ይጥረገው፣ ፈረንጅ ይጥረገው እያልን መቀመጥ ይቻላል። እኔ ግን በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትመርጡትን እጠይቃለሁ። ከአምናው ሰው ጽሑፍ ርዕስ ገልብጣችሁ ወረዳውን ብቻ ከመቀየራችሁ በፊት ክረምቱን ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ሰው ጠይቁ፦ «የሚያስቸግርህ ምንድር ነው?» በሉት። የእኔን ርዕስ አባቴ ሰጥቶኛል። አቀንጭራ የማይቀሰቅስ፣ ነገር ግን አገዳው ለከብት የሚበቃ ማሽላ ሸሕዲ ላይ ምን ያህል እንደሚሆን ልለካ ነው። አማካሪዬ «ጠባብ ነው» ብለውኛል። ማሳው ግን ሰፊ ነው።