የጋራው ሳጥን

ሚኒያፖሊስ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 የተከፈቱት የሪቨርሳይድ ፕላዛ ፎቆች ባለቀለም ሰሌዳቸው ከሩቅ ይታያል። ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖሩባቸዋል። ከነዚያ ቤቶች በአንዱ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ጥቁር ሳጥን አለ። ልጆቹ ራውተር ይሉታል፤ እናትየው “ሳጥኑ”።

እስከ 2020 መጋቢት ድረስ ልብ ያለው ሰው አልነበረም። በወሩ መጨረሻ የሚኒሶታ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን ወደየቤቱ ሲያዞሩ ግን ሦስት ልጆች ሦስት ኮምፒውተር ይዘው ሳሎን ተደረደሩ። ሌሊቱን አረጋውያን ስትጦር አድራ የመጣችው እናት መኝታ ቤት ሆና ትሰማቸዋለች።

“እማዬ፣ ስልክሽን ከዋይፋዩ አውጪልኝ፤ መምህሯ ተቆራረጠችብኝ!”

አንድ ቀን ትልቁን ልጅ ጠየቀችው። “የገባው ሽቦ አንድ ነው። የአንተ ትምህርት እንዴት ለእህትህ ሳይደርሳት ቀረ?”

ልጁ ሊያስረዳት ሞከረ፤ አልገባትም። ኋላ ራሷ አገኘችው። አዲስ አበባ ደብዳቤ ቤት ድረስ አይመጣም፤ የአባቷ መሥሪያ ቤት አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበረው። የሠራተኛው ሁሉ ደብዳቤ እዚያ ይገባል፣ ተላላኪው ስም እያየ በየጠረጴዛው ያድላል።

“በቃ እሱ ነው!” አለ ልጁ። የውጭው ዓለም ቤቱን የሚያውቀው በአንድ ቁጥር ነው። ውስጥ ግን እያንዳንዱ ኮምፒውተር ቤቱ ብቻ የሚያውቀው የራሱ ቁጥር አለው፤ ራውተሩ ማን ምን እንደጠየቀ መዝግቦ መልሱን ለጠያቂው ይመልሳል። ዘዴው የመጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ አራት ቢሊዮን ከምናምን ቁጥር ለዓለም እንደማይበቃ መሐንዲሶቹ ሲያዩ ነው።

ቁጥሩ ቢብቃቃም ቧንቧው ያው አንድ ነው። ስለዚህ ሕግ ወጣ፦ ፈተና ያለበት በኬብል ይገናኛል፣ ፊልም ከትምህርት በኋላ።

ሕጉ ሳይጸና ጎረቤቲቱ አዛውንት በሩን አንኳኩ። የልጅ ልጃቸው ትምህርት ሊቀርባት ነው። “ልጄ፣ የዚያን ነገር ቁጥር ስጪኝ።”

ልጁ አኮረፈ። “እኛንም አልበቃን። ደግሞ ውሉ ለጎረቤት ማጋራት ይከለክል ይሆናል።”

እናትየው ስላደገችበት ግቢ ነገረችው። አራት ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ይጠቀም ነበር፤ ሒሳቡ በወሩ መጨረሻ ይከፈላል። ምጣድ ተራ ነበረው፤ ሁለት ቤት ባንዴ ከጣደ ግቢው ይጨልማል። “ተጣልተናል፤ ግን ማንም ጾሙን አላደረም። ውሉን አንብበው። ከከለከለ ልጅቷ እዚህ መጥታ ትማራለች።”

ልጁ አነበበ፤ ይከለክላል። በማግስቱ ልጅቷ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ልጁም ለእንግዳ የሚሆን የተለየ መስመር ከፈተላት፤ በይነመረቡን ታገኛለች፣ የቤቱን ኮምፒውተሮች ግን አታይም። እናቱ ስትሰማ ሳቀች። “ጓዳው ተዘግቶ ሳሎኑ ተከፈተ በለኛ።”

ሰኔ 30 ማታ አዛውንቷ በድንጋጤ መጡ። ልጃቸውን ከአገር ቤት የሚያዩበት ስልክ አልሠራ ብሏል፤ የእናትየውም እንደዚያው። “ሳጥኑ ተበላሽቶ ይሆን?”

ልጁ ሶኬቱን ነቀለ፣ እስከ ሠላሳ ቆጠረ፣ መልሶ ሰካ። መብራቶቹ ሁሉ በሩ። ዜናውን ሲከፍት ግን ነገሩ ገባው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በዋዜማው አዲስ አበባ ላይ ተገድሏል፤ አገሪቱ ውስጥ ኢንተርኔት ተዘግቷል።

“እማማ፣ የኛ ደህና ነው። የተዘጋው ወዲያ ማዶ ነው።”

መዘጋቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ቆየ። በዚያች ማታ እናትየው የስልክ ካርድ አስገዛች። ደቂቃው ለሁለት ቤት የሚበቃ አልነበረም። ልጁ ማንም ሳይነግረው ሰዓቱን አወጣና ለሁለት ከፈለው፤ ስልኩንም መጀመሪያ ለአዛውንቷ ሰጠ።